የመኪና ሲቢ ሬዲዮ፦ ከምልክቱ ወደ ምክንያቱ፣ ከምክንያቱ ወደ መፍትሔው

ለግል መኪናው ሲቢ ሬዲዮ (ሰዎች ከመኪና ወደ መኪና በአጭር ርቀት የሚነጋገሩበትን የመገናኛ ሬዲዮ) የሚመርጥ ሰው በአብዛኛው የሚያየው በሬዲዮው ፊት ላይ የተደረደሩትን ቁልፎች፣ መብራቱንና ዋጋውን ነው። ሬዲዮው ተገጥሞ ሥራ ከጀመረ በኋላ የሚነሡት ቅሬታዎች ግን በአመዛኙ የሚመጡት ከአንቴናው፣ አንቴናው ከታሰረበት ቦታና ከኤሌክትሪክ መስመሩ ነው። በሕግ የሚፈቀደው የማስተላለፊያ ኃይል ለሁሉም አምራች አንድ ስለሆነ፣ ርካሹም ሆነ ውዱ ሬዲዮ ወደ አንቴናው የሚልከው ኃይል ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ ቀጥሎ የቀረበው ሬዲዮ ላለው ሰው የመጠገኛ መንገድ፣ ገና ላልገዛ ሰው ደግሞ ያንኑ ችግር ከወዲሁ የሚያስቀርበት የምርጫ መመሪያ ሆኖ ሊነበብ ይችላል።

ሬዲዮው ይሠራል፤ አብረው የሚጓዙት ግን አይሰሙም

ይህ ብልሽት ላይሆን ይችላል። ሲቢ የሚሠራው በ27 ሜጋኸርዝ አካባቢ ሲሆን፣ በአሜሪካና በአብዛኛው አውሮፓ የተለመዱት 40 ቻናሎች ከ26.965 እስከ 27.405 ሜጋኸርዝ ያለውን ክልል ይይዛሉ። በአውሮፓ ፈቃድ የማይጠየቅባቸው ትናንሽ የእጅ መገናኛዎች ግን የሚሠሩት በ446 ሜጋኸርዝ ነው፤ በሁለቱም ላይ የሚታየው የቻናል ቁጥር አንድ ቢሆን እንኳ ፈጽሞ አይገናኙም።

ሞገዱ አንድ ሆኖም የማስተላለፊያው ስልት ሊለያይ ይችላል። በአሜሪካ ኤፍኤም ለሲቢ የተፈቀደው በ2021 በመሆኑ ከዚያ በፊት ለዚያ ገበያ የተሠሩት ሬዲዮኖች ኤኤም፣ አንዳንዶቹም ኤስኤስቢ የሚባለውን (የሞገዱን አንድ ጎን ብቻ የሚልከውን) ስልት ብቻ የያዙ ናቸው፤ በአውሮፓ ደግሞ ኤፍኤም ለረጅም ዘመን ዋናው ስልት ሆኖ ቆይቷል። በኤኤም የተቀመጠ ሬዲዮ የኤፍኤምን ንግግር ደብዝዞና ተዛብቶ ነው የሚሰማው፤ ኤስኤስቢን ደግሞ ቃሉ የማይለይ ጉርምርምታ አድርጎ ያወጣዋል። መፍትሔው ሁሉም በአንድ ስልት ላይ መዋላቸውን ማረጋገጥ ነው፤ በኤስኤስቢ ከሆነም የላይኛውን ወይም የታችኛውን ጎን አንድ ላይ መርጦ፣ ድምፁ ተፈጥሯዊ እስኪሆን ድረስ ክላሪፋየር የሚባለውን ቁልፍ በዝግታ ማዞር ያስፈልጋል። ያልገዛ ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው ሻጩን ሳይሆን አብረውት የሚጓዙትን ነው፤ በሚሠራበት አገር የትኛው ስልትና ምን ያህል ኃይል እንደተፈቀደም ከቴሌኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ማጣራት ይገባዋል።

ድምፁ ሩቅ አይደርስም

ብዙ ሰው ለዚህ ችግር የሚያስበው መድኃኒት ኃይል መጨመር ነው። ስሌቱ ግን ይህን አይደግፍም። በተቀባዩ ሬዲዮ ላይ የሚታየው የምልክት መለኪያ በአንድ ደረጃ ከፍ እንዲል ኃይሉ አራት እጥፍ መሆን አለበት፤ ማለትም ለኤኤም ከተለመደው 4 ዋት ወደ 16 ዋት ከፍ ተብሎ የሚገኘው ለውጥ ጆሮ በግድ የሚለየው ነው። በዚያ ላይ ኃይል ማጉያ መሣሪያ በብዙ አገሮች የተከለከለ ከመሆኑም በላይ የጎረቤት ቻናሎችን ይረብሻል።

ትክክለኛው ምክንያት ብዙ ጊዜ የአንቴናው ማጠር ነው። በ27 ሜጋኸርዝ የአንድ ሞገድ ርዝመት 11 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ሩብ ሞገድ የሚባለው ሙሉ አንቴና ወደ 2.7 ሜትር ይጠጋል። ከዚህ የሚያጥር አንቴና ሁሉ ጉድለቱን የሚሞላው በተጠመጠመ ሽቦ ነው፤ አንቴናው እያጠረ በሄደ መጠን በዚያ ጥምጥም ውስጥ ወደ ሙቀትነት ተለውጦ የሚባክነው ኃይል ይጨምራል፣ በትክክል የሚሠራባቸው ቻናሎች ብዛትም ይጠብባል። እጅግ አጭር የሆነው አንቴና ለዓይን ቢያምርም በተግባር ገዢውን ያሳዝነዋል። በእኔ እምነት መኪናው የሚገባበት ጋራዥና የሚያልፍባቸው በሮች እስከፈቀዱ ድረስ ረጅሙን መምረጥ ይሻላል፤ ከ1.2 እስከ 1.5 ሜትር ያለው ለግል መኪና ተገቢ ማስታረቂያ ነው።

ቦታውም ከርዝመቱ አያንስም። የመኪናው ብረት አካል የአንቴናው ሌላኛው ግማሽ ሆኖ ስለሚያገለግል፣ በጣሪያው መሐል የቆመ አንቴና ወደ ሁሉም አቅጣጫ በእኩል ያሰራጫል። በአንድ ጥግ ላይ የታሰረ አንቴና ደግሞ ብዙው ብረት ወዳለበት ወደ ተቃራኒው ጥግ አቅጣጫ ይበረታል፣ በሌላው ይደክማል። በኋላ መከላከያው ላይ ዝቅ ብሎ ከታሰረ ጥምጥሙ ከመኪናው አካል ጀርባ ይደበቃል፤ ስለዚህ ቢያንስ ጥምጥም ያለበት ክፍል ከጣሪያው በላይ እንዲሆን ማድረግ ያስፈልጋል። ጣሪያው ፋይበርግላስ ወይም ፕላስቲክ ከሆነ የብረት አካል ለማይፈልግ አገጣጠም ተብሎ የተሠራ አንቴና ከነገመዱ አብሮ መገዛት አለበት፤ የእሱን ገመድ በተለመደው ገመድ መተካት ሥራውን ያበላሸዋል። በማግኔት የሚቆም አንቴና ለሚያነሣና ለሚያስቀምጥ ሰው ምቹ ነው፤ ነገር ግን የአሉሚኒየም አካልን አይዝም፣ ከሥሩ የገባ አሸዋም ቀለሙን ይፍቃል።

በእጅ የሚያዝ ሲቢ ይዞ ከመኪናው ውስጥ የሚናገር ሰው ችግሩ ግልጽ ነው፤ አጭሯ የጎማ አንቴና በብረት ቤት ውስጥ ተዘግታለች። የውጭ አንቴና መሰኪያ ያለው ከሆነ ያንን መጠቀም ይበቃል። ሁሉም ነገር ተስተካክሎም ቢሆን ከመኪና ወደ መኪና የሚጠበቀው ርቀት ከጥቂት ኪሎ ሜትሮች እስከ አሥር ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ነው፤ መሐል ላይ ኮረብታ ከገባ ደግሞ ይቀንሳል።

ኤስ ደብሊው አር ሜትሩ ከፍተኛ ቁጥር ያሳያል፣ ወይም ሬዲዮው ሲናገሩበት ይግላል

ኤስ ደብሊው አር የሚባለው ወደ አንቴናው ከተላከው ኃይል ምን ያህሉ ተመልሶ እንደሚመጣ የሚያመለክት ምጣኔ ነው። በ1.5 ላይ የሚመለሰው 4 በመቶ ብቻ ስለሆነ አያሳስብም፤ በ2 ላይ 11 በመቶ ይሆናል፤ በ3 ላይ ግን የኃይሉ ሩብ ተመልሶ የሬዲዮውን የመጨረሻ ትራንዚስተር ሊያቃጥል ይችላል። አንቴና ሳይሰካ የመናገሪያውን ቁልፍ መጫን ከሁሉም የከፋው ስለሆነ ለአንድ አፍታም ቢሆን መደረግ የለበትም።

ልኬቱ የሚወሰደው ከግድግዳና ከዛፍ በራቀ ገላጣ ቦታ፣ የመኪናው በሮች ተዘግተው፣ ሰውም ከአንቴናው ርቆ ነው። ሜትሩ በሬዲዮውና በአንቴናው ገመድ መካከል በአጭር ባለ 50 ኦም ገመድ ይገባል፤ ከዚያም በቻናል 1፣ በ20 እና በ40 ላይ በየተራ፣ በእያንዳንዱ ቻናል ሜትሩ እንደገና እየተስተካከለ ይነበባል። በ40 ላይ ያለው ቁጥር በ1 ላይ ካለው ከበለጠ አንቴናው ረዝሟልና በጥቂት ሚሊሜትር ያሳጥሩት፤ በ1 ላይ ያለው ከበለጠ ደግሞ አጥሯልና ያስረዝሙት። ሲያሳጥሩ መጀመሪያ በብሎኑ ዝቅ ማድረግ ይቀድማል፤ የተቆረጠ ዘንግ አይመለስምና መቁረጥ የመጨረሻው እርምጃ ነው።

በሦስቱም ቻናሎች ከ3 በላይ የሚያሳይ ከሆነ ግን ዘንጉን መነካካት ከንቱ ነው፤ ምክንያቱ ያለው በማሰሪያው ወይም በገመዱ ጫፍ ላይ ነው። የገመዱን መሰኪያ ፈትተው በጥሩ ብርሃን ይመልከቱት። ከውጭ ካለው የሽቦ መረብ ያመለጠች እንደ ፀጉር የቀጠነች አንዲት የመዳብ ክር መሐለኛውን ሽቦ ነክታ መስመሩን በሙሉ ሾርት ልታደርግ ትችላለች፤ በኦም መለኪያ መሐለኛውንና የውጩን ክፍል ሲነኩ፣ አንቴናው ተነቅሎ፣ ምንም መተላለፍ መኖር የለበትም። ከማሰሪያው ብረት እስከ መኪናው አካል ባለው መካከል ደግሞ ወደ ዜሮ የተጠጋ ንባብ መገኘት አለበት፤ ካልተገኘ ከብሎኑ ሥር ያለው ቀለም ወይም ዝገት ነጭ ብረት እስኪታይ ተፍቆ፣ ከታሰረ በኋላ ውኃ እንዳይገባበት ይሸፈናል። ገመዱ በበር ጠርዝ የሚያልፍ ከሆነ በሩ በተዘጋ ቁጥር እየተጨፈለቀ ስለሚሄድ መንገዱን መለወጥ ይገባል።

ሞተር ሲነሣ ጫጫታ ይሰማል

የድምፁ ጠባይ ምንጩን ይናገራል። ነዳጅ ሲሰጡት እየቀጠነ የሚወጣ ፉጨት ከዲናሞው የሚመጣ ነው፤ ከሞተሩ ዙር ጋር እየፈጠነ የሚሄድ ጠቅታ ከካንዴላዎቹና ከመስመራቸው ነው፤ ሞተሩ ጠፍቶም ቢሆን የማይቋረጥ ሹክሹክታ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከስልክ ቻርጀር፣ ከኤልኢዲ መብራት ወይም ከካሜራ ይመጣል። ቻርጀሮቹን አንድ በአንድ መንቀል የመጨረሻውን በደቂቃ ይለየዋል።

ቀጥሎ ሞተሩ እየሠራ የአንቴናውን ገመድ ከሬዲዮው ይንቀሉ፤ ቁልፉን አይጫኑ፣ ያዳምጡ ብቻ። ጫጫታው ከጠፋ የገባው በአንቴናው በኩል ነው፤ እንዳለ ከቀጠለ የገባው በኤሌክትሪክ መስመሩ ነው። ለሁለተኛው መፍትሔው መስመሩን ከሲጋራ መለኮሻው አላቅቆ በቀጥታ ከባትሪው መውሰድ፣ ካልበቃም በመስመሩ ላይ ማጣሪያ መጨመር ነው። ለመጀመሪያው ግን ኮፈኑንና የጭስ ማውጫውን ከአካሉ ጋር በአጭርና ወፍራም ጠፍጣፋ ሽቦ ማገናኘት፣ ባለ ሬዚስተር ካንዴላ መጠቀምና አንቴናውን ከሞተሩ ማራቅ ይረዳል። ኤንቢ የሚል የጫጫታ መቀነሻ ቁልፍ ያለው ሬዲዮ ጠቅታን በደንብ ይቀንሳል፤ ቤንዚን መኪና ያለው ገዢ ለዚህ ቁልፍ ትንሽ ቢጨምር ዋጋ አለው።

ሲናገሩበት መብራቱ ይደበዝዛል ወይም ፊውዙ ይቃጠላል

ምክንያቱ ቀጭን ሽቦ ወይም የላላ ማሳ (ከመኪናው አካል ጋር የሚገናኘው የኔጌቲቭ መስመር) ነው። ሬዲዮው ሲያስተላልፍ በጀርባው ያለውን ቮልቴጅ ይለኩ፤ ከባትሪው ንባብ ከግማሽ ቮልት በላይ ዝቅ ካለ ሽቦው መለወጥ አለበት። ፊውዙ ከባትሪው አጠገብ መሆን ይገባዋል፤ በተደጋጋሚ ሲቃጠልም በትልቅ መተካት እሳት መጋበዝ ነው። በባትሪው ኔጌቲቭ ጫፍ ላይ መለኪያ ሴንሰር ያለባቸው አዳዲስ መኪኖች ላይ ማሳው ከጫፉ ሳይሆን ከአካሉ የማሳ ነጥብ ይያዛል። አብዛኞቹ ሬዲዮኖች ለ12 ቮልት የተሠሩ ስለሆኑ 24 ቮልት ያለው መኪና መቀነሻ ያስፈልገዋል፤ ወይም ሁለቱንም የሚቀበል ሬዲዮ ከመጀመሪያው መምረጥ ነው።

ድምፁ የተዛባ ነው ይባላሉ

ማይኩን ከአፍ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል አርቀው በመደበኛ ድምፅ ይናገሩ፤ የማይኩን ድምፅ የሚያጎላውን የማይክ ጌይን ቁልፍም ይቀንሱ። ካልተስተካከለ ማይኩን በዋናው ይለውጡት፤ መሰኪያው ባለ አራት ጫፍ ቢሆን እንኳ የሽቦዎቹ አደራደር ከአምራች አምራች ስለሚለያይ፣ የገባ ሁሉ ይሠራል ማለት አይደለም።

ምንም አይሰማም

ስኩዌልች (ደካማ ምልክትንና ጫጫታን ዝም የሚያሰኘው ቁልፍ) ወደ ግራ ሙሉ በሙሉ ይዙር፣ አርኤፍ ጌይን (የመቀበል አቅምን የሚጨምረው) ወደ ቀኝ ይዙር፣ ፒኤ የሚለው (ሬዲዮውን ወደ ድምፅ ማጉያነት የሚለውጠው) ማብሪያ ወደ ሲቢ ይመለስ። አብዛኛው ዝምታ እዚህ ላይ ያበቃል።

ከሩቅ አገር የመጡ ድምፆች ቅርቡን ሰው ይሸፍናሉ

ይህ የሬዲዮው ጥፋት አይደለም። ፀሐይ በ11 ዓመት ገደማ ዑደቷ ስትበረታ የ27 ሜጋኸርዝ ሞገድ ከላይኛው ከባቢ አየር እየነጠረ በሺዎች ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ኤፍኤም የተፈቀደበት ሰው ወደዚያ ቢዞር፣ ጠንካራው ምልክት ደካማውን ስለሚደፍቅ ቅርቡ ሰው ይሰማል።

ጥፋቱ በእርግጥ የሬዲዮው ሲሆን

ይህን መወሰን የሚቻለው ሬዲዮው ደህናነታቸው በታወቀ የሌላ መኪና አንቴናና መስመር ላይ ተሞክሮ እዚያም ሲያቅተው ነው። ያገለገለ ሬዲዮ የሚገዛ ሰውም ይህንኑ ፈተና ከመክፈሉ በፊት ያድርግ፤ የሽፋኑ ብሎኖች ተቦርቡረው ከታዩ ወይም ሻጩ ኃይሉ ጨምሯል ካለ፣ ውስጡ ተነካክቷልና ይተወው። በአዲሱ ላይ የሚፈለገው በአገሩ የተፈቀደው ስልት፣ ኤንቢና በእጅ የሚዞር ስኩዌልች፣ በጉዞ ላይ ዓይንን ከመንገድ ሳያነሡ የሚያዝ የቻናል መለወጫ ነው፤ በዳሽቦርዱ ሥር ቦታ ከሌለ ቁልፎቹ ሁሉ በማይኩ ላይ የተሠሩለት ዓይነት ይመረጣል። ከዚህ የተረፈው ገንዘብ ለአንቴናው፣ ለማሰሪያውና ለኤስ ደብሊው አር ሜትሩ ይዋል።