ወርቁ ሲነሳ ብረቱን ተመልከቱ፦ የጥንት የሕንድ ጩቤዎች ጌጥ ችግርና መፍትሄ

በሰሜን ሕንድ ጩቤዎች ላይ የምናየው የወርቅ ሐረግ ብዙውን ጊዜ ቅብ አይደለም፤ ኮፍትጋሪ የሚባል ሥራ ነው። ባለሙያው የአረብ ብረቱን ገጽ በሁለት ወይም በሦስት አቅጣጫ እየጫረ እንደ ሞረድ ያሻክረዋል። ከዚያም ፀጉር የመሰለ የወርቅ ወይም የብር ሽቦ በንድፉ ላይ እያስኬደ በመዶሻ ይቀጠቅጠዋል፤ በለስላሳ ድንጋይም ይወለውለዋል። ሙጫም ብየዳም የለውም። ወርቁን የያዘው የጭረቶቹ ጥርስ ብቻ ነው።

ወርቁ አብጦ ወይም ተልጦ ይነሳል

ጥፋቱ የወርቁ አይደለም። ከሥሩ ያለው ብረት ዝጓል። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ወርቁን ወደ ላይ ይገፋዋል። ወርቅና ብረት ተነካክተው እርጥበት ሲያገኛቸው ደግሞ ወርቁ ምንም ሳይሆን ብረቱ ቶሎ ይበላል፤ የእጅ ላብ ጨው ሲጨመርበት ይባስ ይፋጠናል። ስለዚህ በሐረጉ ጠርዝ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ካያችሁ ነገ የሚነሳውን ወርቅ ዛሬ እያያችሁት ነው።

ወርቁ ገና አጥብቆ የያዘ ከሆነ በዝገቱ ላይ ጠብታ ቀጭን የማሽን ዘይት አድርጉና አንድ ቀን ተዉት። ከዚያ በአጉሊ መነጽር እያያችሁ በተሾለ የቀርከሃ እንጨት ቀስ ብላችሁ አንሱት። እንጨቱን ከወርቁ መሃል ወደ ጠርዙ ምሩት፤ ከጠርዝ ከጀመራችሁ ሽቦውን ይዞት ይነሳል። አስቀድሞ የተነሳ ካለ ግን እጃችሁን ሰብስቡ፤ የወደቀውን ቁራጭ በፖስታ አስቀምጡና ለቅርስ ጥገና ባለሙያ አሳዩ።

የነሐስ ዕቃ በሎሚና በአመድ ማሸት የለመደ እጅ እዚህ ይታገሥ። ሎሚና ሆምጣጤ ጥርሱን ይበሉታል፤ አመድ፣ የሽቦ ብሩሽና የብርጭቆ ወረቀት ደግሞ ወርቁን ይፍቁታል። በዚህ መንገድ «የጸዳ» ጩቤ ባየሁ ቁጥር ያመኛል፤ የጠፋው አይመለስምና።

ወርቅ በነበረበት ቦታ ደቃቅ የተጠላለፈ ጭረት ብቻ ቀርቷል

ለዘመናት የዳሰሰው እጅና ያወለወለው ጨርቅ ጨርሶታል። በካታር (በጡጫ ተይዞ በሚወጋ የሕንድ ጩቤ) እጀታ ግራና ቀኝ ዘንጎች ላይ ይህ የተለመደ ነው። አትንኩት። በወርቅ ቀለም መሙላት የአሠራሩን ማስረጃ መቅበር ነው። ከጭረት ይልቅ ጥልቅ ቦይ ከታየ ሥራው ተህኒሻን ነው፤ ወፍራሙ ሽቦ በተፈለፈለ ቦይ ውስጥ ይቀበር ነበር።

ብሩ ጠቁሯል

በአየር ውስጥ ያለው የሰልፈር ውህድ ነው ያጠቆረው። የደቀቀ ንጹሕ ጠመኔ በአልኮል ለውሱና በጥጥ ብሩን ብቻ አሹ። በገበያ የሚሸጠው የብር ማጽጃ ፈሳሽ ብዙውን ጊዜ አሲድ ስላለበት ብረቱን ይጎዳል።

በጌጡ ዙሪያ ያለው ብረት ጥቁር ሰማያዊ ወይም ቡናማ ነው

ይህ ብዙ ጊዜ ችግር አይደለም። ወርቁ ጎልቶ እንዲታይ ባለሙያው በእሳት ያመጣው ቀለም ሊሆን ይችላል። እንዲያብረቀርቅ ብሎ መፈተግ የእሱን ሥራ ማጥፋት ነው።

ከጽዳቱ በኋላ ማይክሮክሪስታሊን ሰም (ከነዳጅ ዘይት የሚገኝ የቅርስ መጠበቂያ ሰም) በስሱ ቀቡ፤ ሁልጊዜም በጓንት ያዙ። የክፍሉ እርጥበት ከ40 በመቶ በታች ቢሆን ይመረጣል። ስለቱን በአፎቱ ውስጥ አታኑሩት፤ ከእንጨትና ከከፈይ ጨርቅ የተሠራው አፎት እርጥበት ይይዛልና ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው።