የባንክ ኢሜይልና አገር ቤት የቀረው ሲም ካርድ

ውጭ አገር ሆናችሁ «ይሄ ኢሜይል እውነት ከባንክ ነው?» እያላችሁ ስክሪንሾት የምትልኩልኝ በዝታችኋል። ብዙው ፋይዳን፣ ዲጂታል መታወቂያውን፣ ይጠቅሳል፦ «የፋይዳ ቁጥርዎን በ24 ሰዓት ካላያያዙ ሂሳብዎ ይታገዳል»፣ ከታች ሊንክ። ባንኮች ፋይዳ እንድናያይዝ የምር ስለሚጠይቁ ነገሩ እንግዳ አይሆንብንም። ደንግጠን እንጫነዋለን።

የላኪውን ስም አትመኑ፤ ማንም «ንግድ ባንክ» ብሎ ይጽፋል። ሙሉ አድራሻውን ከፍታችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡ። የባንኩ ስም መሃል ተሰክቶ መጨረሻው ሌላ ከሆነ፣ ባለቤቱ ያ መጨረሻው ነው። ጂሜይል ከሆነማ ምን ይጠየቃል። አድራሻው ትክክል ቢመስልም ሊንኩን ተዉትና አፑን ራሳችሁ ክፈቱ። ኢሜይሉ ላይ ያለው የዋትስአፕ ቁጥር ላይም አትደውሉ። እንደ ንግድ ባንኩ 951 ያሉ የባንክ አጭር ቁጥሮች ከውጭ እንደማይሠሩ ሌቦቹ ስለሚያውቁ ነው ያስቀመጡት።

አሁን ወደ ዘመድ እንምጣ። የብዙዎቻችን ሂሳብ የተመዘገበበት ሲም አገር ቤት ሰው እጅ ነው። የማረጋገጫ ኮዱም እዚያ ነው የሚገባው። ዱባይ ያለችው እህቴ እንዲህ ያለ ኢሜይል ላይ ፒኗን ሞላች። ሲሙን የያዘው የአክስታችን ልጅ ነበር። «ከባንክ ነው፣ እህትዎ ብር እየላከች ስለሆነ የገባውን ቁጥር ያንብቡልን» ሲሉት ደስ ብሎት አነበበላቸው። ለኮንዶሚኒየም ያጠራቀመችው ሄደ።

ኢሜይሉ ቅርንጫፏን ሳይቀር ይጠቅስ ነበር። ከየት አመጡት? ይኸው ልጅ የገቢ ደረሰኙን ፎቶ አንስቶ፣ «እህታችን ኑሪልን» ብሎ፣ ማን እንዳለበት የማይታወቅ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጥፎታል። ስንጠይቀው ሽማግሌ ላከብን። «ልጁን አታስቀይሙት፣ ለበጎ ብሎ ነው» ተባልን። ለበጎ መሆኑንማ መቼ ካድን? ብሩን ግን ማንም አላነሳውም።

ስለዚህ ሲም ስትሰጡ ደጉን ዘመድ አትምረጡ። ነገረኛውን፣ ሃያ ጥያቄ የሚጠይቀውን፣ ሳይደውልላችሁ ለማንም መልስ የማይሰጠውን ምረጡ። ሲሙ ውጭም እንዲሠራ ሮሚንግ አስከፍታችሁ ይዛችሁት መሄድ ከቻላችሁ ደግሞ ከሁሉም ይሻላል። ዋናው ገንዘብ ሞባይል ባንኪንግ ያልተከፈተበት ሂሳብ ላይ ይቀመጥ። ውክልና ስትሰጡም «ጠቅላላ» ከምትሉ ሥራውን ለይታችሁ ጻፉ።

ሊንኩ ላይ ከሞላችሁ፣ መጀመሪያ ሲሙን ለያዘው ሰው ደውሉ፤ ለማንም ኮድ እንዳያነብ። ቀጥሎ ባንኩ ሂሳቡን እንዲያግድ አድርጉ። ፒንና የኢሜይል ይለፍ ቃል መቀየሩ ከዚያ ይከተላል።