በጎጃም ዳገትና ቁልቁለት የተራራ ሳይክል፦ አመራረጥ፣ አስተካከልና አነዳድ

ባሕር ዳር ሳይክል ብርቅ አይደለም። ተማሪውም ሠራተኛውም ከቤቱ ወጥቶ የሚውለው በእሱ ነው። ከሐይቁ ዳር ሜዳ ወጥቶ ወደ ደጋው የሚነዳ ሰው ግን ጥቂት ነው። ለዚህ ሰዉን የሚወቅስ ካለ ተሳስቷል። ለሜዳና ለአስፋልት የተገዛ ሳይክል ዳገት ላይ ጉልበት ይጨርሳል፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ይከዳል፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭቃ ጎማውን ቀርቅሮ ያቆመዋል። ለጎጃም ሳይክል ስትገዙ የሻጩን ወሬ ተዉትና ሁለት ነገር ብቻ ጠይቁ፦ የምነዳበት መሬት ምን ዓይነት ነው? ሲበላሽ በአቅራቢያዬ ያለ ሰው ሊጠግነው ይችላል? ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የእነዚህ የሁለቱ ጥያቄዎች መልስ ነው።

1. መጀመሪያ መሬቱን ለዩ

ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር ትበልጣለች፣ የጮቄ ተራራ አናት ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ጮቄ አናት ላይ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር 60 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ባሕር ዳር ላይ በቀላሉ የምትወጡት ዳገት እዚያ ትንፋሽ ያሳጥራል። ሳይክሉ ቀላል ማርሽ እንዲኖረው የምወተውተው በዚህ ምክንያት ነው።

ከከፍታው ቀጥሎ አፈሩ ነው። ቀዩ አፈር ሲዘንብ ያንሸራትታል፣ ነገር ግን ዝናቡ ካባራ ቶሎ ይደርቃል። ዋልካው ሌላ ነው። ሲርስ ጎማ ላይ እየተደራረበ ይለጠፍና በፍሬሙና በጎማው መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶ ሳይክሉን ያስቆመዋል። በዚህ ጊዜ በጉልበት መግፋት ማርሽ መቀየሪያውን ከመስበር በቀር ጥቅም የለውም፤ ወርዶ መሸከም ይሻላል። በጋ ላይ ደግሞ ያው ዋልካ ተሰነጣጥቆ የፊት ጎማ የሚውጥ ስንጥቅ ያበጃል። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ዋልካ ያለበትን መንገድ ተዉት፤ ድንጋያማውንና ጠጠር የለበሰውን ምረጡ። ለመንዳት ከወራቱ ሁሉ የሚበልጠው ጥቅምት ነው። መሬቱ ጠንክሯል፣ አቧራው ገና አልተነሣም፣ ጎማም መሬቱን በደንብ ይይዛል።

2. ሳይክሉን መምረጥ

አዲስም ሆነ ያገለገለ፣ መጀመሪያ ፍሬሙን እዩ። መሪው የሚገባበት አንገት ዙሪያና የመቀመጫው ቱቦ ሥር ቀለሙ በቀጭን መስመር ተሰንጥቆ ከታያችሁ ጥላችሁት ሂዱ። አልሙኒየም ከሆነ በየሰፈሩ ያለ በያጅ አስተማምኖ አይበይደውም። ብረት ከሆነ ሊበየድ ይችላል፤ አንገቱ ላይ ከሆነ ግን ያንንም አልመክርም።

ቀጥሎ የጎማው ልክ። 26፣ 27.5 እና 29 ኢንች የሚባሉ ሦስት ልኮች አሉ፣ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ትልቁ ጎማ ድንጋይና ቦይ ላይ ሳይደናቀፍ ያልፋል፣ በቀላሉም አይሰምጥም። ይሁን እንጂ ከመግዛታችሁ በፊት በከተማችሁ ገበያ ዞራችሁ የትኛው ልክ ጎማ እንደሚሸጥ ጠይቁ። ጎማው ጎን ላይ የሚጻፈው ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር ከስሙ ይልቅ የሚታመን ነው፦ 26ቱ 559፣ 27.5ቱ 584፣ 29ኙ 622 ነው። ያንን ቁጥር ጽፋችሁ ያዙ፣ ጎማ ስትገዙ እሱን አስተያዩ። ስፋቱ ከ2.1 እስከ 2.3 ኢንች ቢሆን ይበቃል። ከዚያ የሰፋ ጎማ በጭቃ ጊዜ ከፍሬሙ ጋር የሚቀረው ክፍተት ጠባብ ይሆናል።

አየር የሚሞላበት ጫፍ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን መንገድ ላይ የሚያስቀር እሱ ነው። በተራራ ሳይክል ላይ በብዛት የሚገኘው ሁለት ዓይነት ነው። ወፍራሙ ከመኪና ጎማ ጋር አንድ ስለሆነ ከደጀን እስከ ዳንግላ የትኛውም ጎሚስታ ይሞላዋል። ቀጭኑ ግን አስማሚ ይፈልጋል። ምርጫ ካላችሁ ወፍራሙን ያዙ፤ ቀጭን ከሆነባችሁ አስማሚዋን ሁልጊዜ ኪሳችሁ አድርጉ።

ስለ ማርሽ ብዙ ገንዘብ በከንቱ ይወጣል። አሁን የሚወደሰው ከፊት አንድ ባለ ጥርስ ክብ ብቻ፣ ከኋላ 12 ክብ ያለው ነው። የፊቱ ክብ 32፣ የኋላው ትልቁ ክብ 51 ጥርስ ካለው፣ ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር የኋላው ጎማ 0.63 ዙር ይዞራል። ከፊት ሦስት ክብ ባለው አሮጌው ዓይነት ትንሹ 22፣ ከኋላ ትልቁ 34 ጥርስ ካለው 0.65 ይዞራል። ዳገት ላይ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከምንም አይቆጠርም። የአሮጌው መለዋወጫ በርካሽ ይገኛል፣ ሠሪውም ያውቀዋል። ስለዚህ ጥርሶቹን በእጃችሁ ቁጠሩ። የኋላው ትልቁ 28 ብቻ ከሆነ ቢያንስ 32 ወይም 34 ባለው አስቀይሩት፤ ስትቀይሩ ማርሽ መቀየሪያው ያን የሚያህል ጥርስ መሸከም መቻሉን ሠሪውን ጠይቁት።

አንድ ነገር ልጨምር። ርካሽ ሳይክሎች ላይ የኋላው ጥርስ ከነሙሉ አካሉ የጎማው ማዕከል ላይ ይጠመዘዛል። እንዲህ ሲሆን ኩሽኔታው ከአክስሉ ጫፍ ርቆ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከባድ ሰው ድንጋይ ላይ ሲወርድም አክስሉ ይጎብጣል ወይም ይሰበራል። ከተማ ውስጥ ችግር የለውም። ለተራራ ግን ጥርሱ እየተደረደረ የሚገባበትን ዓይነት ፈልጉ።

ፍሬን ላይ አትቆጥቡ። ቸርኬውን የሚይዝ ፍሬን ጭቃ ሲነካው አቅሙ ይወድቃል፣ ጭቃው እንደ ሞረድ ቸርኬውን ይበላዋል፣ ረጅም ቁልቁለት ላይም ቸርኬው ግሎ የውስጥ ጎማ ሊያፈነዳ ይችላል። ዲስክ ፍሬን የግድ ነው። በሽቦ የሚሠራውና በዘይት የሚሠራው ሲወዳደሩ ለጣት የሚቀልለውና ኃይሉ የሚበልጠው ባለ ዘይቱ ነው፤ መንገድ ላይ በቀላሉ የሚጠገነው ግን ባለ ሽቦው ነው። ከከተማ ርቄ የምነዳ ከሆነ እኔ ባለ ሽቦውን እመርጣለሁ። ባለ ዘይት ካላችሁ ይህን አጥብቃችሁ ያዙ፦ ግማሾቹ ፍሬኖች፣ ለምሳሌ የሺማኖ፣ የሚጠቀሙት የማዕድን ዘይት ነው፤ ሌሎቹ ዶት የሚባለውን የመኪና ፍሬን ዘይት ዓይነት ይጠቀማሉ። የመኪናው ዘይት የማዕድን ዘይት በሚጠቀም ፍሬን ውስጥ ከገባ በፍሬኑ ውስጥ ያሉትን የጎማ ማሸጊያዎች አሳብጦ ፍሬኑን ያበላሻል። የትኛው እንደሆነ እጀታው ክዳን ላይ ተጽፏል። ሳታነቡ አታስሞሉ።

የፊት ሹካ ላይ ሞላ መኖሩ ጥሩ ነው፣ 100 ሚሊ ሜትር የሚወርድ ለእኛ መንገድ በቂ ነው። የኋላው ሞላ ግን ክብደትና የጥገና ጣጣ ይጨምራል፤ ለጀማሪ አልመክረውም። ያገለገለ ስትገዙ የፊት ፍሬኑን ይዛችሁ ሳይክሉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነቅንቁት፤ ሹካው ከተንኳኳ ወይም ዘይት ካንጠባጠበ ዋጋውን አስቀንሱ ወይም ተዉት።

3. ለሰውነታችሁ ማስተካከል

መቀመጫው ላይ ተቀምጣችሁ ተረከዛችሁን ዝቅ ባለው ፔዳል ላይ አድርጉ። እግራችሁ ቀጥ ካለ ልኩ ነው፤ በኋላ በእግር ጣቶች ሥር ስትረግጡ ጉልበት ትንሽ ይታጠፋል። ብዙ ሰው መቀመጫውን ዝቅ አድርጎ ስለሚነዳ ነው ጉልበቱን የሚያመው። ለረጅም ቁልቁለት ግን አራት አምስት ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጉት። ለዚህ በእጅ የሚከፈት መቆለፊያ ቢኖረው ጥሩ ነው፤ የዳገቱን ልክ ቱቦው ላይ ምልክት አድርጉበት።

የፍሬን እጀታው ቆማችሁ ክንዳችሁን ስትዘረጉ ከክንዱ ጋር ቀጥ እንዲል አዘንብሉት፣ በአንድ ወይም በሁለት ጣት እንዲያዝም ወደ ውስጥ አስጠጉት። ከዚያ የፊቱን ፍሬን የሚይዘው የትኛው እጅ እንደሆነ እዩ። ከተለያየ አገር የመጡ ያገለገሉ ሳይክሎች የተለያዩ ናቸው፤ የአንዳንዱ የፊት ፍሬን በቀኝ፣ የሌላው በግራ ነው። እጃችሁ በለመደው አሠሩት።

የጎማ አየር ላይ የሚፈጸመው ስሕተት የተለመደ ነው። ጎሚስታ ቤት «አጠንክረህ ሙላልኝ» አትበሉ። የደረቀ ጎማ ድንጋይ ላይ ይዘላል፣ መሬት አይቆነጥጥም። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው የ2.2 ኢንች ጎማ ከነውስጡ ካለው፣ ለፊት 27፣ ለኋላ 30 ፒ ኤስ አይ አካባቢ ጥሩ መነሻ ነው። ከበድ ያለ ሰው ይጨምር። ሲነዳ ቸርኬው ድንጋይ ከነካ በጣም ቀንሷል ማለት ነው።

የፊት ሹካው በአየር የሚሠራ ከሆነ ቱቦው ላይ ቀጭን ክር አስራችሁ በቀስታ ተቀመጡ፤ ከ100 ሚሊ ሜትሩ ከ20 እስከ 25 ከወረደ ልክ ነው።

4. የሚያዝ ዕቃ

ሄልሜት ያለ ክርክር። አንዴ ከተመታ ስንጥቁ ባይታይም ይቀየራል። ከዚያ ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ መለጠፊያና ማስቲሽ፣ ጎማ ማውጫ፣ መንፊያ፣ ባለ ስድስት ጎን ቁልፎች፣ የሰንሰለት መፍቻ። የግራር እሾህ ስለማይቀር፣ የውስጥ ጎማው ውስጥ ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ መጨመር ብዙ መከራ ያድናል። ጎማ ሲተነፍስ አዲሱን ከማስገባታችሁ በፊት የውጭውን ጎማ ውስጡን በጥንቃቄ ዳብሱ፤ እሾሁ እዚያው ከቀረ አዲሱንም ይበሳዋል።

ለስንቅ በሶ የሚያህል የለም። ደረቅ ነው፣ አይበላሽም፣ ውሃ ሲገኝ ይበጠበጣል። ለግማሽ ቀን ሁለት ሊትር ውሃ ያዙ። ከመውጣታችሁ በፊት ከአካባቢው ሰው መንገዱ ሰላም መሆኑን አጣሩ፣ የምትሄዱበትንም ለቤተሰብ ንገሩ።

5. አነዳድ

ዳገት ከመጀመሩ በፊት ማርሹን አቅልሉ። ሰንሰለቱ በጉልበት ተወጥሮ ሳለ መቀየር ጥርስ ይሰብራል። መቀመጫው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፣ ደረታችሁን ወደ መሪው አስጠጉ፤ ብትቆሙ የኋላው ጎማ በጠጠር ላይ ይሽከረከራል።

ቁልቁለት ላይ ተነሡ። ሁለቱ ፔዳሎች እኩል ቁመት ላይ ይሁኑ፣ ጉልበትና ክርን ይታጠፍ፣ ዓይን ከጎማው ፊት ሳይሆን አሻግሮ ይይ። ድንጋዩን ካያችሁ ወደ ድንጋዩ ትሄዳላችሁ፤ የምታልፉበትን ክፍተት እዩ። ፍጥነት የሚቀነሰው መታጠፊያው ውስጥ ሳይሆን ከመታጠፊያው በፊት ነው። የሚያቆማችሁ በዋነኛነት የፊቱ ፍሬን ነው፤ ስለፈራችሁት አትተዉት፣ በቀስታ ጨምሩት። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ያለማቋረጥ አትያዙ። ጠንከር አድርጋችሁ ይዛችሁ ቀንሱ፣ ልቀቁ፣ ይቀዝቅዝ።

በጎጃም ከሁሉ የሚያሰጋው እርከን ነው። ከላይ ሲታይ መሬቱ የተያያዘ ይመስላል፣ ጫፉ ላይ ስትደርሱ ግን ገደል አለው፤ ሣሩ ሲያድግ ጭራሽ አይታይም። የማታውቁትን ተዳፋት መጀመሪያ በእግር ውረዱት። ከብቶች የሚሄዱበት መንገድ ብዙውን ጊዜ እርከኑን በደህና ያልፋልና እሱን ተከተሉ።

ለመጀመር ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ ያለው ወደ 30 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ጥሩ ነው። እዚያ እንደደረሳችሁ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደተሠራው ወደ አላታ ድልድይ የሚወርደውን ድንጋያማ ቁልቁለት ሳይክሉን ይዛችሁ በእግር ውረዱ። ከዚያ ከፍ ሲል የእንጅባራ አካባቢ፣ ወደ ዘንገና ሐይቅ የሚያመራው ወገን። ጮቄን ለመጨረሻ ተዉት፤ ጅብራው በሚበቅልበት ከፍታ በጋም ቢሆን ብርዱ ከባድ ነው፣ ትርፍ ልብስ ያስፈልጋል። የደጀኑን የዓባይ በረሃ ለልምምድ አትምረጡ። ከአፋፉ እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፣ የጭነት መኪናውም ብዙ ነው።

የእግር መንገዱ የገበሬው ነው። እህል ባለበት ማሳ አትግቡ፣ አውድማ አትርገጡ። ሰው ስታዩ ቀድማችሁ ፍጥነት ቀንሱና «እንደምን ዋላችሁ» በሉ፤ አረጋዊ ከሆኑ ውረዱ። አዊ ውስጥ ፈረሰኛ ብዙ ነው፤ ፈረስ ከኋላው ድንገት የሚመጣ ነገር ስለሚያስበረግገው ከሩቅ ድምፅ አሰሙ። ውሻ ሲመጣ አትሩጡ፣ ወርዳችሁ ሳይክሉን በመካከል አድርጉ፣ እረኛውን ጥሩ። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ስትደርሱ ከሳይክሉ ወርዳችሁ ግፉ። የዘጌ ገዳማት መንገድ ላይም እንደዚያው።

6. ከጉዞ በኋላ

ላቫጆ አትውሰዱት። በኃይል የሚረጨው ውሃ ኩሽኔታ ውስጥ ገብቶ ግሪሱን ያጥባል። ጭቃው ሲደርቅ በብሩሽ አራግፉ፣ በባልዲ ውሃና በጨርቅ እጠቡ። ሰንሰለቱን ጠርጋችሁ ቀጭን ዘይት በየቀለበቱ አንድ ጠብታ፣ ከዚያ ትርፉን በጨርቅ ጥረጉ። የምግብ ዘይትና ወፍራም ግሪስ አቧራ ሰብስበው ሰንሰለቱን ይፈጩታል። ዘይቱ ዲስኩን ወይም የፍሬን ሸራውን እንዳይነካ ተጠንቀቁ።

በየወሩ ሰንሰለቱን ለኩት። ከአንዱ ፒን ጀምራችሁ 24 ቀለበት ቁጠሩ፤ አዲስ ሰንሰለት 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። 307 ከደረሰ ቀይሩት፤ ከዘገያችሁ የኋላውን ጥርስ ይበላና የሁለቱንም ዋጋ ትከፍላላችሁ።