ካከማቹት ሙዚቃ ምን ያህሉን እንደሚያዳምጡ እንዴት ማወቅ ይቻላል?

በሃርድ ዲስኩ ላይ 10,000 ዘፈን ያለው ሰው፣ አንዱ ዘፈን በአማካይ 4 ደቂቃ ቢፈጅ፣ ሁሉንም አንድ ጊዜ ብቻ ሰምቶ ለመጨረስ 667 ሰዓት ያህል ያስፈልገዋል። በቀን 1 ሰዓት የሚያዳምጥ ከሆነ፣ አንዱንም ሳይደግም አንድ ዓመት ከአሥር ወር ገደማ ይፈጅበታል። ሰው ደግሞ የወደደውን መደጋገሙ ስለማይቀር፣ ከክምችቱ ብዙው ሳይነካ ሊቆይ ይችላል። ያልተነካው ምን ያህል እንደሆነ በሚከተለው መንገድ ማስላት ይቻላል።

በመጀመሪያ፣ ምን ዓይነት ማዳመጥ እንደሚቆጠር ይወስኑ። ይህን ሥራ የሚሠሩ ፕሮግራሞች አቆጣጠራቸው አንድ አይደለም። የአፕል ኩባንያ የሙዚቃ ማጫወቻ የሆነው አይቲዩንስ ዘፈኑ እስከ መጨረሻው ካልዘለቀ አይቆጥርም፤ የተደመጡ ዘፈኖችን የሚመዘግበው ድረ ገጽ ላስት ኤፍ ኤም ግን ከ30 ሰከንድ የሚረዝም ዘፈን ግማሹ ወይም 4 ደቂቃው ከተደመጠ ይበቃዋል። ስለዚህ 7 ደቂቃ የሚረዝም የትዝታ ዘፈን፣ ግጥሙ አልቆ መሣሪያው ብቻ ሲቀር 5ኛው ደቂቃ ላይ ቢቋረጥ፣ በአንዱ ዘንድ እንደተደመጠ ሲመዘገብ በሌላው ዘንድ እንዳልተደመጠ ይቆያል። ከሁለቱ የትኛውንም መምረጥ ይቻላል፤ መሐል ላይ መለወጥ ግን ውጤቱን ያበላሻል።

ቀጥሎ የመለኪያውን ጊዜ ሙሉ አንድ ዓመት ያድርጉት። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ዘፈን ትቶ መዝሙር የሚያዳምጥ ምእመን በእነዚያ ሳምንታት ቢለካ፣ የዘፈን ክምችቱ ከነጭራሹ የማይደመጥ ሊመስለው ነው። የእንቁጣጣሽና የገና ዘፈኖችም በዓመት አንድ ሰሞን ብቻ የሚከፈቱ ስለሆኑ፣ በሁለት ወር ልኬት ሳይታዩ ይቀራሉ። ከመስከረም 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ መቁጠር ይህን ሁሉ ያቃልላል።

ከመቁጠርዎ በፊት ድግግሞሹን ያጽዱ። የአንድ ድምፃዊ ስም አንድ ቦታ በፊደላችን፣ ሌላ ቦታ በላቲን ፊደል በሁለት ዓይነት አጻጻፍ ስለሚገኝ፣ ያው ዘፈን ሦስት ጊዜ ሊቆጠር ይችላል። «ትራክ 01» ተብለው የተቀመጡትንም ከፍቶ መለየት ያስፈልጋል፤ አሰልቺ ቢሆንም ሌላ አቋራጭ የለውም።

ከዚህ በኋላ አይቲዩንስን የሚጠቀሙ ከሆነ ስማርት ፕሌይሊስት (በሰጡት መስፈርት ዘፈኖችን ራሱ የሚመርጥ ዝርዝር) ፈጥረው፣ ባለፉት 12 ወራት የተደመጡትን ብቻ እንዲያሳይ ያዙት። የተገኘው 1,800 ቢሆንና ጠቅላላው 10,000 ቢሆን፣ የተደመጠው 18 በመቶ ነው። ይሁንና ቆጠራው የሚቀመጠው በፕሮግራሙ መዝገብ ውስጥ እንጂ በዘፈኑ ፋይል ላይ ስላልሆነ፣ ኮምፒውተር ሲቀየር ፋይሎቹ ብቻ ከተገለበጡ ቁጥሩ ሁሉ ከዜሮ ይጀምራል።

ቆጣሪ ለሌለው ክምችት ናሙና መውሰድ ይበጃል። የዘፈኖቹን ዝርዝር ኤክሴል ላይ ያስገቡ፤ በአጠገቡ ያለውን ዓምድ የዘፈቀደ ቁጥር በሚያወጣው «ራንድ» (RAND) ቀመር ሞልተው በዚያ ዓምድ ይደርድሩ፤ ከላይ ያሉትን 100 ወስደው እያንዳንዱን በዚህ ዓመት ሰምተውት እንደሆነ ይመልሱ። በዓይን መምረጥ አይገባም፤ ዓይን የሚያርፈው በሚያውቀው ላይ ነው። ከ100ው 23ቱ ተደምጠው ከሆነ፣ የእውነተኛው ድርሻ ከ15 እስከ 31 በመቶ ባለው ውስጥ እንደሚገኝ መገመት ይቻላል።

በመኪና ውስጥ ፍላሽ የሚጠቀሙ ሰዎች አንድ ነገር ያስተውሉ። አንዳንድ ማጫወቻዎች ሞተሩ በተነሳ ቁጥር ከመጀመሪያው ፋይል ስለሚጀምሩ፣ አጭር መንገድ የሚነዳ ሰው የፊተኞቹን እየደጋገመ የኋለኞቹን ሳያገኛቸው ይኖራል። እንዲህ ያለው ውጤት የአድማጩን ምርጫ ሳይሆን የማጫወቻውን ጠባይ የሚያሳይ ነውና፣ ማጫወቻውን ዘፈኖቹን አቀላቅሎ እንዲያጫውት አድርጎ እንደገና መለካት ይሻላል።

ካሴትና ሲዲ ላላቸው ደግሞ መደርደሪያው ራሱ መዝገብ ይሆናል፤ ያዳመጡትን ሁልጊዜ በቀኝ ጫፍ ይመልሱ፤ ዓመቱ ሲያልቅ በግራ በኩል ተገፍተው የቀሩት ያልተነኩት ናቸው።

ውጤቱን ሲያነቡ ያልተደመጡትን ለሁለት ይክፈሉ። ከሰው ፍላሽ እንዳለ ተገልብጠው አንድ ጊዜም ያልተከፈቱት አንድ ወገን ናቸው፤ ቀድሞ በብዛት ተደምጠው አሁን ያረፉት ሌላ። በእኔ አስተያየት የመጀመሪያዎቹን መቀነስ ቢቻልም፣ ከአሮጌ ካሴት የተቀዳና ዛሬ በገበያ የማይገኝ ዘፈን ግን ቁጥሩ ዜሮ ስለሆነ ብቻ ሊጠፋ አይገባውም። ከመሰረዝዎ በፊት ካልተከፈቱት ውስጥ 25 ያህሉን በዕጣ አውጥተው ወደ ስልክዎ ይጫኑና በሥራ መንገድ ላይ ያዳምጧቸው፤ የወደዱትን አስቀርተው ቀጣዮቹን 25 ያውጡ።