የተለያየ ሙያ ያላቸውን መሐንዲሶች በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ማገናኘት፦ ለአዳማ ባለሙያዎች

አዳማ ላይ መሐንዲስ አይጠፋም። የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው አለ፣ ከከተማው ዳር ኮረብታዎቹ ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ቆመዋል፣ የወንጂ ስኳር ፋብሪካና የቆቃ ግድብም ሩቅ አይደሉም። ሲቪሉ፣ ኤሌክትሪካሉ፣ ሜካኒካሉና የውሃ ባለሙያው አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡበት አጋጣሚ ግን ጥቂት ነው። «እንገናኝ» ተብሎ ብቻ ሲጠራ ሰው አንዴ ይመጣና ይቀራል። የሚዳሰስ ዕቃና በቁጥር የታሰረ ጥያቄ ሲኖር ተመልሶ ይመጣል።

ከ8 እስከ 12 ሰው ጥሩ ነው። ከዚያ ሲበልጥ ግማሹ አድማጭ ሆኖ ይቀራል። ቢያንስ 4 ሙያ ይኑር፤ ከአንዱ ሙያ ከ3 ሰው በላይ አይጥሩ፤ ሲቪሎች ከበዙ ወሬው ወደ ሲሚንቶና ብረት ዋጋ ያዘነብላል። ዲናሞ የሚጠቀልል ወይም ጀነሬተር የሚጠግን ባለሙያ ደግሞ የግድ ይጋበዝ፤ ዲግሪ ባይኖረውም የተበላሸ ዕቃ ከሁሉም በላይ ያየው እሱ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ይጀመር፤ የ2 ሰዓት ቆይታ ይበቃል። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል በፕሮጀክተር አይተማመኑ፤ ነጭ ሰሌዳና ሁለት ቀለም ማርከር ይያዙ።

ትውውቁ ለአንድ ሰው 2 ደቂቃ ነው። የት እንደተመረቁና ስንት ዓመት እንደሠሩ አይጠየቅ፤ እሱ ከተጀመረ ጀማሪዎቹ አፋቸውን ይይዛሉ። ይልቅ እያንዳንዱ ሦስት ነገር ይናገር፦ በሥራው ዘወትር የሚከታተለው ቁጥር ምን እንደሆነ (የኮንክሪት የ28 ቀን ጥንካሬ፣ የትራንስፎርመር አምፔር፣ የሰርቨር ምላሽ በሚሊሰከንድ)፣ ቁጥሩ ሲበላሽ መጀመሪያ ምን እንደሚጠረጥር፣ ከሌላው ሙያ ደግሞ ያልገባው ነገር ምን እንደሆነ። ሦስተኛው የውይይቱ ነዳጅ ስለሆነ አንድ ሰው ሰሌዳው ላይ ይጻፈው።

የተበላሸ ዕቃ ይዘው እንዲመጡም ይጠይቁ። ለምሳሌ ከሞተር የወጣ ኩሽኔታ። ተከፍቶ የውጭው ቀለበት ሲታይ፣ ኳሶቹ የሚሄዱበት መንገድ ላይ እኩል የተራራቁ አግዳሚ መስመሮች ካሉ፣ ሜካኒካሉ ግሪስ አነሰው ሊል ይችላል። ሞተሩ በቪኤፍዲ (በሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ) የሚነዳ ከነበረ ግን ዋናው ተጠርጣሪ በዘንጉ በኩል ኩሽኔታውን አቋርጦ ወደ መሬት የሚፈስ ከረንት ነው። ግሪስ ቢጨመርበትም፣ በአዲስ ቢተካም ያው ይደገማል፤ መፍትሔው የዘንጉን ከረንት በሌላ መንገድ ወደ መሬት ማስወረድ ወይም ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ኩሽኔታ መግጠም ነው። ይህን ሁለቱ ሙያዎች አብረው ሲያዩት በደቂቃዎች ይደርሱበታል።

የዕለቱ ዋና ጥያቄ ከ3 ቀን በፊት በቴሌግራም ይላክ፦ የዕቃው ታርጋ ፎቶ፣ ከነመለኪያው የተለካ ቁጥር፣ እስካሁን የተሞከረው፣ እና «ለምን» የሚል አንድ ጥያቄ። «የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የወደፊት ዕጣ» ዓይነት ርዕስ ይቅር፤ ሁሉም ይናገርበታል፣ ማንም አይለካውም።

ለመጀመሪያው ቀን ለአዳማ የሚመጥን ጥያቄ ይኸውና፦ 1 ፈረስ ጉልበት (0.75 ኪሎዋት) የገጽ ፓምፕ (ከጉድጓዱ ውጭ ተቀምጦ የሚስብ)፣ ካርቶኑ ላይ «8 ሜትር ይስባል» ተብሎለት፣ ከ7 ሜትር ጉድጓድ ውሃ ማውጣት ለምን አቃተው?

ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት 83 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። በውሃ ዓምድ ሲሰላ 8.5 ሜትር ይሆናል፤ ባሕር ጠለል ላይ 10.3 ነበር። ከ8.5 ላይ ለውሃው ትነት 0.3፣ የፓምፑ መመሪያ ኤንፒኤስኤች (ፓምፑ መግቢያው ላይ የግድ የሚፈልገው ግፊት) ብሎ ለሚጠይቀው 3፣ ለቧንቧው ፍትጊያ 0.5፣ ለመጠባበቂያ 0.5 ሲቀነስ የሚተርፈው 4.2 ሜትር ነው። ካርቶኑ የተጻፈው ለባሕር ዳርቻ ነው።

እዚህ ኤሌክትሪካሉ ይግባ። ማታ ማታ ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ቢወርድ የሞተሩ የማስነሻ ጉልበት በቮልቴጁ ስኩዌር ስለሚቀንስ 67 በመቶ ብቻ ይቀራል፤ መደበኛ ሞተር ደግሞ እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ታስቦ የተሠራ ስለሆነ በሳሳው አየር በደንብ አይቀዘቅዝም። ሞተሩን የሚያቃጥለው ይህ ነው፤ ውሃውን የከለከለው ግን ሌላ ነው፣ ሁለቱን አያደባልቁ። ለመለየት መሳቢያው ቧንቧ ላይ የቫኩም ጌጅ (የመሳብ ግፊት መለኪያ) ይግጠሙ። ጌጁ እስከ −1 ባር ቢጻፍበትም አዳማ ላይ ከ−0.83 አያልፍም። −0.3 አካባቢ ከቆመ አየር እየገባ ነው፤ መገጣጠሚያዎቹን በቴፍሎን ያጥብቁ፣ ፉት ቫልቩን (ቧንቧው ጫፍ ላይ ውሃው እንዳይመለስ የሚይዘውን) ይፈትሹ። −0.7 ደርሶ ፓምፑ ጠጠር እንደያዘ ከጮኸ ካቪቴሽን ነው (ግፊቱ ዝቅ ብሎ ውሃው ውስጥ የእንፋሎት አረፋ ሲፈጠርና ሲፈነዳ)፤ ቧንቧውን ከ1 ኢንች ወደ 1¼ ማስፋት ትንሽ ይረዳል፣ እውነተኛው መልስ ግን ሰብመርሲብል (ውሃው ውስጥ የሚጠልቅ) ፓምፕ ነው።

ኬሚካል መሐንዲሱም ዝም አይበል። በስምጥ ሸለቆው የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 1.5 ሚሊግራም በሊትር ሊበልጥ ይችላል፤ ማፍላት አይቀንሰውም፣ ውሃው ሲተን እንዲያውም ያከማቸዋል። ሳይመረመር ለመጠጥ አይዋል።

ያው የሳሳ አየር የነፋስ ተርባይኖቹንም ይነካል። አዳማ 1 በ34 ተርባይን 51 ሜጋዋት፣ አዳማ 2 በ102 ተርባይን 153 ሜጋዋት ናቸው። የአየሩ እፍጋት በኩቢክ ሜትር እንደ ባሕር ጠለሉ 1.225 ሳይሆን ወደ 1 ኪሎግራም ስለሚጠጋ፣ ሙሉ አቅም እስኪደርስ ድረስ በተመሳሳይ ፍጥነት ነፋስ የሚገኘው ኃይል ወደ 20 በመቶ ይቀንሳል። ለሁለተኛው ቅዳሜ ጥሩ ጥያቄ ይወጣዋል።

ክርክር ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከመለኪያ ነው። የውሃ ባለሙያው በሜትር፣ ሜካኒካሉ በባር፣ የኮምፕሬሰር ሰው በፒኤስአይ ያወራል። 10 ሜትር ውሃ 1 ባር ገደማ፣ 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ ነው፤ ይህ ሰሌዳው ጥግ ላይ ተጽፎ ይቆይ።

ውይይቱን የሚገድሉት ሁለት ናቸው፦ አንጋፋው መጀመሪያ ሲናገርና ሳይለካ መፍትሔ ሲሰነዘር። ስለዚህ ጀማሪው ይቅደም፣ «ስንት ለካህ?» ሳይባል መልስ አይቀበል። የመሥሪያ ቤት ምስጢራዊ ድሮዊንግ ወደ ጠረጴዛው አይምጣ። ጠረጴዛ ላይ የተሰካ ዕቃ አይከፈት፤ የፓምፕ ካፓሲተር ከተነቀለ በኋላም ቮልቴጅ ይይዛል። ሁለቱን ጫፎቹን በካቻቢቴ አያገናኙ፤ በ10 ኪሎ ኦም 5 ዋት ሬዚስተር ለጥቂት ሰከንድ አፍስሰው በመልቲሜትር ዜሮ መሆኑን ያረጋግጡ።

የመጨረሻዎቹ 10 ደቂቃዎች ለአንድ ገጽ ማስታወሻ ናቸው፦ ጥያቄው፣ የተለኩት ቁጥሮች፣ የተስማማንበት፣ ያልተስማማንበት፣ ማን ምን ለክቶ መቼ እንደሚያመጣ። ፎቶው ከመበተን በፊት ግሩፑ ላይ ይለጠፍ። የሚቀጥለው ጥያቄ አቅራቢ ዛሬ ካቀረበው ሙያ ውጭ ይመረጥ።