የጨረቃን ድብቅ ቀለም በፎቶ እንዴት ማውጣት ይቻላል

ጨረቃ ላይ ሰማያዊና ቡናማ ቀለም አለ። በጣም ስስ ስለሆነ ዓይናችን ግራጫ አድርጎ ያልፈዋል፤ ካሜራ ግን ይመዘግበዋል። እኛ የምናደርገው ያንኑ ማጉላት ነው።

ጥላ ስለማይጋርዳት ለዚህ ሥራ ሙሉ ጨረቃ ትመረጣለች። ስትወጣ ወዲያው አትሽቀዳደሙ። ከአድማስ አጠገብ ስትሆን ብርቱካናማ የምትመስለው በአየሩ ምክንያት ነውና ከፍ እስክትል ጠብቁ።

300 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሌንስና ጠንካራ ትራይፖድ ያዙ። ፋይሉ የግድ ሮው (ካሜራው ያልጨመቀው ጥሬ ፋይል) ይሁን፤ የተጨመቀው ጄፔግ ስሱን ቀለም ይበላዋል። በአይኤስኦ (የካሜራው የብርሃን ትብነት) 100፣ በኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ ልክ) 8፣ በ1/200 ሰከንድ ጀምሩና ደማቁ ቦታ ነጭ ሆኖ እንዳይቃጠል እያያችሁ አስተካክሉ። ፎከሱን በእጅ፣ ስክሪኑን አጉልታችሁ አንድ ጉድጓድ ጠርዙ ጥርት እስኪል ድረስ አዙሩት።

አሁን ዋናው ነገር። አንድ ፎቶ አይበቃም፤ ከ50 እስከ 100 አንሱ። ቀለም ስታጎሉ ኖይዙም (ፎቶው ላይ የሚበተነው ነጠብጣብ) አብሮ ይጎላል። ኖይዝ ግን በየፎቶው ቦታውን ይቀያይራል፣ ጨረቃ ያው ናት። ስለዚህ 100 ፎቶ ተደራርቦ አማካዩ ሲወሰድ ኖይዙ ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ይወርዳል። ፎቶዎቹን ወደ ቲፍ (ጥራት ወደማይቀንስ የፎቶ ፋይል) ቀይራችሁ አውቶስታከርት በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ደርድሯቸው።

ውጤቱን በፎቶሾፕ ወይም በጊምፕ ክፈቱ። መጀመሪያ ዋይት ባላንሱን (የቀለም ሚዛኑን) አስተካክሉ፤ ጨረቃ በጠቅላላው ግራጫ ትምሰል። ከዚያ ሳቹሬሽኑን (የቀለሙን ድምቀት) ትንሽ ጨምሩ፣ እዩ፣ እንደገና ትንሽ ጨምሩ። በአንድ ጊዜ እስከ ጥግ መግፋት ፎቶውን ያዥጎረጉረዋል። በአንድ ጠርዝ ቀይ፣ በተቃራኒው ሰማያዊ መስመር ካያችሁ የጨረቃ ቀለም አይደለም፤ የአየሩ ወይም የሌንሱ ጣጣ ስለሆነ የቀይና የሰማያዊ ቻናሎቹን (የፎቶውን የቀለም ንብርብሮች) አንሸራትታችሁ ግጠሟቸው።

ሰሜኗን ወደ ላይ አድርጋችሁ በስተቀኝ ሁለቱን ጎረቤታሞች ጠቆር ያሉ ሜዳዎች (ማሬ ይባላሉ) ፈልጉ። ማሬ ትራንኩሊታቲስ፣ አፖሎ 11 በ1969 እ.ኤ.አ. ያረፈበት፣ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ከዚያ የመጣው ድንጋይ በታይታኒየም የበለጸገ ነበር፤ ሰማያዊነቱም ከዚሁ ነው። ከበላዩ ያለው ማሬ ሴሬኒታቲስ ታይታኒየሙ አነስተኛ ስለሆነ ቡናማ ነው። ድንበራቸው ላይ ቀለሙ ሲቀየር ማየት ለእኔ ከሁሉ ይበልጥብኛል። ሁለቱ ካልተለዩላችሁ ሳቹሬሽን ከመጨመራችሁ በፊት ወደ ዋይት ባላንሱ ተመለሱ።