ከ«ያምራል» ባሻገር፦ የተማሪ የሙዚቃ ክሊፕን በተመልካች አስተያየት ማሻሻል

ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ፣ ወልዲያም ይሁን ሐይቅ፣ ተማሪዎች ተባብረው የሠሩትን የሙዚቃ ክሊፕ ለሰው ሲያሳዩ ብዙ ጊዜ የሚያገኙት መልስ «ማሻአላህ፣ ያምራል»፣ «ተባረኩ» ወይም «አብሽሩ፣ ጥሩ ነው» የሚል ነው። መልሱ ከልብ የመነጨ ነው፤ ታላላቆች የልጅን ድካም ሳይመርቁ ማለፍን አይወዱም፣ እኩዮችም ጓደኛን በሰው ፊት ማሳፈርን ነውር አድርገው ያዩታል። ነገር ግን ምርቃቱ ክሊፑ የቱ ላይ እንዳሰለቸ፣ ታሪኩ የቱ ላይ እንደጠፋ፣ እስክስታው የቱ ላይ እንደተቆረጠ አይነግራችሁም። ስለዚህ በእኛ በወሎ አካባቢ አስተያየት የሚሰበስብ ተማሪ ዋና ሥራው ሰው ይሉኝታውን እንዲተው መወትወት ሳይሆን፣ ተመልካቹ ማንንም ሳያስቀይም ያየውን ሊናገርበት የሚችል ጥያቄና አጋጣሚ ማዘጋጀት ነው።

ከማሳየታችሁ በፊት

አስተያየት የሚጠየቀው ክሊፑ ካለቀለት በኋላ አይደለም። ሾቶቹ (ካሜራው ሳይቋረጥ የቀረጻቸው የምስል ቁርጥራጮች) በዘፈኑ ላይ በቅደም ተከተል ተደርድረው፣ የቀለም እርማቱና ጽሑፉ ገና ሳይገባ፣ መቁረጥና ማዛወር ቀላል በሆነበት ደረጃ ላይ ሳላችሁ የመጀመሪያውን ማሳያ አድርጉ። አንድን ሾት ቀለም ሲያስተካክል ያደረ ሰው «ይህ ሾት ይውጣ» የሚለውን ቃል ለመቀበል በጣም ይከብደዋል።

ከዚያም አስቀድሞ የቡድኑ አባላት ተቀምጣችሁ ክሊፑ ለተመልካች ምን እንዲያስተላልፍ እንደምትፈልጉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ለምሳሌ በባቲ ቅኝት የተዘፈነ ዘፈን ይዛችሁ ከሆነ «ለትምህርት ከባቲ ደሴ የመጣች ልጅ እናቷንና የሰኞውን ገበያ ትናፍቃለች» የሚል ሊሆን ይችላል። ይህን ወረቀት ለተመልካች አታሳዩ። የኋላ ኋላ የትኛው አስተያየት እንደሚያሠራና የትኛው እንደሚያሳስት የሚዳኘው ይህ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እሱ ሳይጻፍ ሰው ፊት የሚቀርብ ቡድን የመጨረሻው ተናጋሪ ወደመራው ሁሉ ሲሄድ ይገኛል።

በማሳያው ቅጂ ጥግ ላይ ደቂቃና ሰከንድ እየቆጠረ እንዲታይ አድርጉ፤ እንደ ዳቪንቺ ሪዞልቭና ፕሪሚየር ያሉ ፕሮግራሞች ይህን ይሠራሉ። በስልክ ኤዲት የምታደርጉ ከሆነ ደግሞ ሰው ሲናገር የማጫወቻውን ሰዓት እያየ የሚመዘግብ አንድ አባል መድቡ። ሰከንዱ ያልታወቀ አስተያየት ወደ ኤዲቲንግ ሲመጣ ግምት ብቻ ይሆናል።

የከንፈርና የድምፅ መጣጣምንም ራሳችሁ አስቀድማችሁ ፈትሹ። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ባወጣው ምክረ ሐሳብ መሠረት ድምፅ ከምስል 45 ሚሊ ሰከንድ ያህል ሲቀድም ወይም 125 ሚሊ ሰከንድ ያህል ሲዘገይ ተመልካች ልዩነቱን ማስተዋል ይጀምራል፤ በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ለሚሠራ ክሊፕ ይህ በአንድ ፍሬም እንደ መቅደም ወይም በሦስት ፍሬም እንደ መዘግየት ነው። የብሉቱዝ ስፒከር ድምፁን ሊያዘገይ ስለሚችል በማሳያው ቀን በሽቦ የሚገናኝ ስፒከር ተጠቀሙ፤ አለበለዚያ በክሊፑ ውስጥ የሌለ ጥፋት ይነገራችሁና ደህናውን ልታበላሹት ትችላላችሁ።

ማን ይይላችሁ

በቀረጻው ላይ የነበረ ሰው ተመልካች ሊሆን አይችልም። የታሪኩን መጨረሻ ያውቃል፣ ያልተነሣውን ሾት ሳይቀር በሐሳቡ ያየዋል። የምትፈልጉት ታሪኩን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዩ ሰዎችን ነው፤ ከስድስት እስከ አሥር ቢሆኑ ለመጀመሪያው ዙር ይበቃሉ፣ ዋናው ግን ዓይነታቸው መለያየቱ ነው። ከክፍላችሁ ውጭ ያሉ እኩዮች ይኑሩ፤ ዘፈኑንና ጭፈራውን የሚያውቁ ታላላቆች ይኑሩ፤ ወሎን ከዚህ ቀደም የማያውቅ ሰውም ይኑር። በወሎም ሆነ በወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ለሚማር ሰው የመጨረሻው አያስቸግርም፤ ከሌላ ክልል የመጣ ተማሪ በየመኝታ ክፍሉ ይገኛል።

ይህ ልዩነት ለምን እንደሚጠቅም በአንድ ምሳሌ ልግለጸው። ሐይቅ ዳር ቆማ የነበረች ልጅ በቀጣዩ ሾት ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ስትታይ የደሴ ሰው «መቼ ደረሰች?» ብሎ ይጠይቃል፤ በሁለቱ መካከል 30 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ እንዳለ ያውቃልና። ከሩቅ የመጣ ተመልካች ግን ሁለቱንም እንደ አንድ አካባቢ አይቶ በሰላም ያልፋል። ኮምቦልቻ በጠራራ ፀሐይ የተቀረጸው ትዕይንት በደሴ ጭጋግ ከተነሣው ጋር ሲገጣጠምም እንዲሁ ነው፤ ከዚህ አገር ያልሆነው የቀለም መለያየት ብቻ ሲታየው፣ የአገሩ ሰው ከተማው እንደተቀየረ ወዲያው ያውቃል። ክሊፑ በቅድሚያ ለአገሬው የታሰበ ከሆነ «መቼ ደረሰች?» የሚለውን ጥያቄ ከቁም ነገር ቁጠሩት፤ ከሚኒባስ መስኮት የተነሣ የሁለት ሰከንድ ሾት በመሐል ቢገባ ጉዞው ይታመናል።

ማሳያው

«ይህ ገና ነው፣ ድምፁ ይስተካከላል፣ እዚህ ጋር እንዲህ ለማለት ፈልገን ነው» እያላችሁ አትጀምሩ። ማብራሪያው ተመልካቹን የእናንተ ጠበቃ ያደርገዋል። ክሊፑን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያለ ንግግር አሳዩ፣ ከቡድኑ አንዱም የሰዎቹን ፊት ማየት በሚችልበት ጎን ይቀመጥ። ሰው በአፉ የማይለውን በአኳኋኑ ይናገራልና ትከሻው ከምቱ ጋር የተነቃነቀበትን፣ ፈገግ ያለበትን፣ ስልኩን ያየበትን፣ ወደ ጎረቤቱ ዞሮ የጠየቀበትን ሰከንድ ይጻፍ። አንድ ሰው ስልኩን ቢያይ መልእክት ደርሶት ይሆናል፤ በአንድ ቦታ ላይ ሦስቱ ካዩ ግን ያንን ቦታ ፈትሹት።

እኩዮች ከመነጋገራቸው በፊት ለየብቻቸው በወረቀት ይጻፉ፤ አንዱ ጮክ ብሎ «እኔ ወድጄዋለሁ» ካለ በኋላ ሌላው ተቃራኒውን አይናገርም። መምህር ወይም የተከበረ ሽማግሌ በመካከል ካለ ደግሞ ሁሉም የእሱን ቃል ይጠብቃል። ታላቅን ሰው «እርስዎ መጨረሻ ላይ ይናገሩ» ማለት ስለማያምር፣ ለታላላቆች ሌላ ቀን ቤታቸው ሄዳችሁ ማሳየቱ ይሻላል። ቡናው እስኪፈላ አንድ ጊዜ፣ አቦሉ ከተቀዳ በኋላ ሌላ ጊዜ ቢያዩት ከመጀመሪያው ምርቃት ይልቅ በሁለተኛው ጨዋታ ውስጥ የሚጠቅማችሁን ነገር ታገኛላችሁ።

ቢያንስ ግማሾቹ ተመልካቾች በስልክ ይዩት፤ ብዙው ሰው ክሊፑን የሚያገኘው በስልክ ነውና። በፕሮጀክተር ግልጽ የነበረ የፊት ስሜት በስልክ ላይ ነጥብ ሊያህል፣ በትልቅ ስፒከር የሚያስገመግም ከበሮም በስልክ ስፒከር ጨርሶ ላይሰማ ይችላል። ቅጂውን በቴሌግራም ከላካችሁ በቪዲዮ መልክ ሳይሆን በፋይል መልክ ላኩት፤ አለበለዚያ ተጨምቆ የደበዘዘውን ምስል ሰው የእናንተ ጥፋት አድርጎ ይቆጥረዋል።

ምን ተብሎ ይጠየቃል

«ወደዳችሁት?» ተብሎ የተጠየቀ ጨዋ ሰው ከ«አዎ» ሌላ መልስ የለውም። ስለዚህ ስለ ስሜቱ ከመጠየቃችሁ በፊት ስላየው ጠይቁት፦ «ምን አየህ? ታሪኩን ላላየው ሰው ብትነግረው እንዴት ትነግረዋለህ?» ይህ ጥያቄ ማንንም አያስቀይምም፣ መልሱ ግን ከማንኛውም ትችት የበለጠ ይናገራል። ቀደም ብዬ በጠቀስኩት የባቲ ታሪክ ላይ ተመልካቾቹ «ልጅቷ ፍቅረኛዋን ናፍቃለች» ብለው ቢመልሱ፣ ማንም «ክሊፑ አልገባኝም» ሳይል ክሊፑ እንዳልገባ ታውቃላችሁ። ወደ ኤዲቲንጉ ተመልሳችሁ ስታዩትም ምክንያቱ አይሰወርም፤ እናትየው የምትታየው ዘፈኑ ከተጋመሰ በኋላ 1:50 ላይ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት 0:30 አካባቢ ልጅቷ ከአንድ የክፍል ጓደኛዋ ጋር ስትስቅ ረጅም ሾት አለ። ተመልካቹ መጀመሪያ ያገኘውን ሰው የናፍቆቱ ባለቤት አደረገው። መፍትሔው አዲስ ቀረጻ ላይሆን ይችላል፤ እናትየው በሰኞው ገበያ ዕቃዋን ስትዘረጋ የሚያሳየውን ሾት ወደ መጀመሪያዎቹ ሃያ ሰከንዶች ማምጣትና የሳቁን ሾት ማሳጠር ይበቃ ይሆናል።

ሁለተኛው ጥያቄ «አንድ ሾት የግድ ይውጣ ቢባል የቱን ታወጣለህ?» የሚል ነው። ማውጣቱ በጥያቄው የታዘዘ ስለሆነ መላሹ ክፉ ተናጋሪ አይሆንም። ሦስተኛውና እኔ በወሎ ከሁሉ አብልጬ የማምንበት «ሌላ ሰው ቢያየው ምን የሚል ይመስልሃል?» የሚለው ነው፤ ሰው በራሱ አንደበት ሊለው ያፈረውን ትችት በሌላው ስም በነጻነት ይናገረዋል። እሱ በሚናገርበት ጊዜ አትከራከሩ፣ አታስረዱም፤ «የቱ ጋር?» ብላችሁ ሰከንዱን ብቻ ጠይቁ።

የተባለውን መተርጎም

ተመልካች የሚያመውን ቦታ እንደሚነግር ታካሚ ነው፤ መድኃኒቱን ማዘዝ ግን የእናንተ ፋንታ ነው። አብዛኛው ተማሪ የሚስተው እዚህ ላይ ነው፣ የተነገረውን መፍትሔ ቃል በቃል ይፈጽምና ሕመሙን ሳይነካው ያልፋል።

«ረዘመ» የሚለው ቃል ከሁሉ በላይ ያሳስታል። ዘፈኑን ማሳጠር ስለማትችሉ በየቦታው ሾት ትቆርጣላችሁ፣ ክሊፑም ይባሱን ይደክማል። ብዙ ጊዜ ግን የረዘመው ጊዜው ሳይሆን መረጃው ነው፤ ሁለተኛው አዝማች ከመጀመሪያው አዝማች የተለየ ነገር ሳያሳይ ያንኑ ሜዳና ያንኑ አቋቋም ሲደግም ሰው «ረዘመ» ይላል። በሁለተኛው አዝማች ላይ ታሪኩን አንድ እርምጃ የሚያራምድ ምስል ስታስገቡ ርዝመቱ ሳይነካ ቅሬታው ይጠፋል።

«እስክስታው አላረካኝም» ሲባል ጨፋሪዎቹን ከመውቀሳችሁ በፊት ሾቶቹን ቁጠሩ። እያንዳንዱ የጭፈራ ሾት ከአንድ ሰከንድ በታች ከሆነ፣ ወይም ትከሻው በሚሠራበት ሰዓት ካሜራው ፊት ላይ ከሆነ፣ ጥፋቱ የኤዲቲንጉ ነው። ከወገብ በላይ የሚያሳይ አንድ ሾት መርጣችሁ አንድ ሙሉ የዜማ ሐረግ እስኪያልቅ ሳትቆርጡ ልቀቁት፣ ቁርጡንም እንቅስቃሴው በሚያርፍበት ምት ላይ አድርጉት። የወሎን ጭፈራ የሚያውቅ ሰው የሚጠብቀው ያንን ማረፊያ ነው፤ ከማረፊያው በፊት የተቆረጠ እስክስታ ቅር ያሰኘዋል።

«ብርሃኑ ይርገበገባል» የሚለው ደግሞ በቀጥታ የሚታመን አስተያየት ነው። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በአንዳንድ የቤት ውስጥ አምፖሎች ሥር በ1/60 ሰከንድ ሸተር (ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን በሚያስገባበት ጊዜ) የተቀረጸ ምስል ይርገበገባል፤ ኤዲቲንግ ይህን እምብዛም አያድነውም። በሰከንድ 25 ፍሬምና በ1/50 ሸተር ደግማችሁ ቅረጹት።

የድግግሞሽን ነገር በጥንቃቄ ያዙ። ለየብቻቸው የጻፉ ብዙ ሰዎች አንድ ሰከንድ ላይ ከተገናኙ ጉዳዩ እውነተኛ ነው። ይሁን እንጂ አንድ አዋቂ ብቻውን የተናገረው ከአሥር ሰው ዝምታ ሊበልጥ ይችላል፦ ማሲንቆ የሚጫወት ሰው «ድምፁ እየሄደ ደጋኑ ቆሟል» ካላችሁ፣ ወይም አንዲት እናት ሹሩባው ወይም ቀሚሱ የዚያ አካባቢ አለመሆኑን ከነገሩዋችሁ፣ ድምፅ አትቁጠሩ፤ አርሙት። ዘፈኑ በአምባሰል ቅኝት ሆኖ ምስሉ በሙሉ ባቲ ከተማ የተነሣ ከሆነም ጆሮው የሠለጠነ ሰው ምክንያቱን ሊጠይቅ ይችላልና መልስ ይኑራችሁ። በሌላ በኩል «ድሮን ቢኖረው»፣ «መኪና ቢጨመርበት» የሚሉትን በዓረፍተ ነገራችሁ መዝኗቸው፤ የእናትን ናፍቆት የማያጎሉ ከሆነ በምስጋና ተቀብላችሁ ተዉአቸው።

ማረምና እንደገና ማሳየት

መጀመሪያ የታሪኩን ቅደም ተከተል አስተካክሉ፣ ቀጥሎ የሾቶቹን ርዝመትና ምት፣ ከዚያ የከንፈሩን መጣጣም፣ ቀለምና ጽሑፍ ይከተላሉ። በተቃራኒው የጀመረ ሰው ነገ የሚወጣውን ሾት ዛሬ ሲያሳምር ይውላል። የድሮውን ቅጂ አታጥፉ፤ ለእያንዳንዱ ረቂቅ ቀንና ቁጥር ስጡት፣ አንዳንዴ የፊተኛው ትክክል ሆኖ ይገኛልና።

ሁለተኛውን ማሳያ ክሊፑን ላላዩ ሰዎች አድርጉ፤ የፊተኞቹ ታሪኩን አውቀውታል፣ ገባን ማለታቸውም ማስረጃ አይሆንም። ዩቲዩብ ላይ አንድ ጊዜ የተጫነን ቪዲዮ በዚያው ሊንክ በሌላ ፋይል መተካት ስለማይቻል፣ ረቂቁን ሊንኩ ያለው ሰው ብቻ በሚያየው መልክ ጭናችሁ ፈትኑት፣ ለሕዝብ የሚወጣውን በኋላ ጫኑ። ከወጣ በኋላ በየሰከንዱ ምን ያህል ተመልካች እያየ እንደቆየ የሚያሳየው ሥዕላዊ መረጃ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ያዩት ሰዎች ጥቂት ሲሆኑ አንድ ሰው ቶሎ መዝጋቱ መስመሩን ስለሚያዛባው ብዙ አትመኑበት።

ለመምህር የምታቀርቡት ጽሑፍ «ተመልካቾች ወደውታል» በሚል እንዳይቆም። የተባለውን ቃል፣ ሰከንዱን፣ የደረሳችሁበትን ምክንያትና ያደረጋችሁትን ለውጥ በአንድ መስመር አያይዛችሁ ጻፉ፣ ከለውጡ በፊትና በኋላ የነበረውንም ምስል አስቀምጡ፤ ያልተቀበላችሁትንም ከነምክንያቱ ግለጹ። ምክር የሰጧችሁን ታላላቆች ስም በክሊፑ መጨረሻ ለማስገባት ፈቃዳቸውን ጠይቁ፤ ያለቀውንም ሥራ ለሕዝብ ከመውጣቱ በፊት ወስዳችሁ አሳዩአቸው፤ በነገሯችሁ መሠረት የተቀየረውን ሲያዩ በሚቀጥለው ሥራችሁ ላይ ያለ ይሉኝታ ይናገራሉ።